እጅም ይማር

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ በማይርቅ አንድ የወረዳ ከተማ፣ በግንቦት ወር አጋማሽ የጂኦግራፊ ፈተና ቀረበልን። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ «በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በቀትር ጊዜ ጥላ የሚወድቀው ወዴት ነው?» የሚል ነበር። መጽሐፋችን «ወደ ሰሜን» ይላል። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ከብት ስጠብቅ የራሴን ጥላ አይቼዋለሁ፤ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ወድቆ ነበር። ስለዚህ፣ «በእኛ አገር በአሁኑ ወር ወደ ደቡብ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰረዙብኝ። አቤት ለማለት ስቀርብ፣ «መጽሐፉ ይዋሻል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመለስሁ። ይህ ሲሆን ሰዓቱ ወደ ቀትር ተቃርቦ ነበር። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ቆሟል፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ተጋድሟል። እርሳቸውም ሆኑ እኔ ወጥተን አላየነውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን ተረዳሁት። የመጽሐፉ ቃል ፀሐይ ፈጽሞ በአናታቸው ትክክል ለማትደርስባቸው፣ ከእኛ በስተ ሰሜን እጅግ ርቀው ለሚገኙ አገሮች እውነት ነው። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ 5 ወይም 6 ቀን ገደማና በነሐሴ 23 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ይወድቃል። (የነሐሴውን የክረምት ደመና ስለሚጋርደው የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።) ይህን የማነሣው መምህሬን ለመውቀስ አይደለም። እርሳቸውም የተማሩት እንደዚሁ ነበር፤ በአንድ ክፍል ውስጥም 70 ልጆች ነበርን። የሚያሳዝነኝ ለእውነቱ የምንደርስበት መንገድ ሃያ እርምጃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ትምህርት ማለት ያንን ሃያ እርምጃ አለመራመድ ነው ብለን ሁለታችንም ማመናችን ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ትምህርት ሁሉ ባይሆን እንኳ፣ ከትምህርቱ አንድ ደኅና ክፍል ተማሪው በእጁ ይዞ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ራሱ ለክቶና ሠርቶ በሚፈታው ጥያቄ ዙሪያ ሊደራጅ ይገባዋል። ያም ጥያቄ የአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ንብረት መሆን የለበትም። በዛሬው አጠራር የፕሮጀክት ትምህርት የሚባለው ይኸው ነው።

የትምህርት ቤት ቀን በደወል የተቆራረጠ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ደወሉ ሲጮህ ሒሳብ ይወጣል፣ ጂኦግራፊ ይገባል፤ እንደገና ሲጮህ ጂኦግራፊ ይወጣል፣ አማርኛ ይገባል። ይህ አከፋፈል ለአስተዳደር ይመቻል። ይሁን እንጂ በሜዳው ላይ የተጋደመው የምሰሶ ጥላ የማን ነው? የጂኦግራፊው መምህር ነው ወይስ የሒሳቡ? ለሁሉም በመሆኑ ለማንም ሳይሆን ቀርቷል።

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይተከል። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይቀመጥ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚደነቁት ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አለመሆኑን ሲያዩ ነው። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ይህ የሚሆነው በ6፡25 ገደማ ነው። ስለ ምን? ሰዓታችን የተሞላው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዚያ መስመር ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ትርቃለች። ፀሐይም አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስሌቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ከዚህ ቀጥሎ አጭሩ ጥላ የሚያመለክተው አቅጣጫ ያለ ኮምፓስ ሰሜንንና ደቡብን ያሳያል። የጥላው ርዝመት ለእንጨቱ ርዝመት ሲካፈል ደግሞ በዘጠነኛ ክፍል «ታንጀንት» እየተባለ የሚሸመደደው ነገር ሥጋ ለብሶ ይቆማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ኤራቶስቴንስ የመሬትን ዙሪያ የለካው በዚሁ ዘዴ ነበር። በእስክንድርያ የወደቀውን ጥላ ማዕዘን፣ በዚያው ቀን ፀሐይ በአናት ላይ ከምትሆንበት ከአስዋን ጋር አነጻጸረ፤ ልዩነቱም የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 አባዛ፤ አለቀ።

አማርኛስ የት አለ? የአማርኛው ድርሻ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ተማሪው ያየውን ሲጽፍ፣ ያየውን ካሰበው መለየት ይኖርበታል። «ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል» በሚለውና «ጥላው ታኅሣሥ 12 ቀን ወደ ሰሜን ወደቀ» በሚለው ዓረፍተ ነገር መካከል ያለው ልዩነት የግሥ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የታየ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ግን ከታየው ተነሥቶ የተደፈረ ድምዳሜ ነው። እኔ በሰባተኛ ክፍል የተቀጣሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለ ወደቅሁ ነበር። ይህንን ከሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ለመማር የሞከረ ሰው እንዴት እንደሚቸገር የምታውቁት ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ በዚያ ያበስሉ፣ ይሰፉ፣ እንጨት ይጠርቡ ነበር። የልብስን ታሪክ የተማሩት ጥሬ ጥጥና የበግ ጠጉር በእጃቸው ይዘው ነበር። ዲዊ እንደ ጻፈው፣ ልጆቹ ለ30 ደቂቃ ጥጡን ከፍሬው ሲፈለቅቁ ቆይተው ያገኙት ንጹሕ ጥጥ ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ያነሰ ነበር። የጥንት ሰዎች ከጥጥ ይልቅ የበግ ጠጉር ለምን ይለብሱ እንደ ነበረ ማንም ሳይነግራቸው ጣቶቻቸው ነገሯቸው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈገግ አልሁ። የቺካጎ ልጆች እንደ ብርቅ ያዩት ሥራ በእናቴ ቤት የዘወትር ሥራ ነበርና። እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ትዳምጣለች፤ ፍሬው ወደ አንድ ወገን፣ ጥጡ ወደ ሌላው ይወጣል። ከዚያም በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ልቃቂቱ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ ድርና ማግ ሆኖ ነጠላ ወይም ጋቢ ተሠርቶ ይመለሳል። እኔ ይህ ሁሉ ሲከናወን ከእንዝርቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ «የፊዚክስ ትምህርት» አጠና ነበር! ከእንዝርቱ እንጨት ጋር የተሰካችው ክብ ለምን እንደምታስፈልግ፣ ያለ እርሷ እንዝርቱ ለምን ቶሎ እንደሚቆም አንድም ቀን አልጠየቅሁም። በደብተሬ ላይ ግን አንድ ጊዜ የተሽከረከረ ነገር የሚያቆመው ኃይል እስኪያገኝ ድረስ መሽከርከሩን እንደሚቀጥል ጽፌ፣ ከሥሩም በቀይ አስምሬበታለሁ።

እስቲ ይህን በሒሳብ እንመልከተው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሸማ እንውሰድ፤ በድሩም በማጉም በኩል በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 12 ክር አለበት እንበል። ድሩ 960 ክር ሲሆን እያንዳንዱ 2 ሜትር ነው፤ ማጉ 2,400 ክር ሲሆን እያንዳንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 3,840 ሜትር ይሆናሉ፤ አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፈትል ማለት ነው። አንዲት ፈታይ በአንድ ሰዓት 40 ሜትር ብትፈትል (ይህን ቁጥር ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰዓት ይዘው ከእናቶቻቸው አጠገብ ቆመው ይለኩት) ለመፍተል ብቻ 96 ሰዓት ያስፈልጋታል። መዳመጡና መንደፉ ገና አልተቆጠረም፤ ሸማኔውም ገና ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ወደ ገበያ ወጥተው የሸማውን ዋጋ ይጠይቁ፤ ዋጋውንም ለሰዓቱ ያካፍሉ። ከዚያ የሚወጣው ቁጥር የኢኮኖሚክስም፣ የታሪክም፣ የግብረ ገብም ጥያቄ ነው። እኔ ስሌቱን የሠራሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ በልጅነቴ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ እናቴ ፈትል ይዛ ስትቀመጥ «ሥራ ፈትታ ተቀመጠች» አልልም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ጥንታዊ እንቅፋት አለ፤ ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባዋል። አገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸማኔውን በስድብ ስም ስትጠራ የኖረች አገር ናት። ማረሻው የተሠራው በባለ እጁ እጅ፣ እንጀራው የተጋገረው በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ሆኖ ሳለ፣ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ሆኖ ቆየ። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ይህ አስተሳሰብ በበሩ አብሮ ገባ። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተለይ የውጭ ቋንቋዎችን ያስተምር ነበር፤ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልገው ነበርና በዚያ ዘመን የሚያስወቅስ አልነበረም። ነገር ግን መማር ማለት ከሞፈርና ከመዶሻ መገላገል ነው የሚል እምነት ከዚያ ወዲያ ሥር ሰደደ። ዛሬም ቢሆን ልጁ አፈር ነክቶ ሲመለስ፣ «የላክሁህ እንድትማር እንጂ እንድትቆፍር ነው ወይ?» የሚል ወላጅ በየሰፈሩ አለ።

ይህን ለማቃናት ሙከራ አልተደረገም ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹ በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ሥራ፣ የብረታ ብረት፣ የእርሻና የቤት አያያዝ ትምህርቶች ይሰጡ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም ትምህርት ከምርት ሥራ ጋር ይተባበር የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን የእንጨት ሥራው ከሒሳቡ፣ የአትክልቱ ቦታ ከባዮሎጂው ጋር አልተነጋገረም፤ እነርሱም በደወል የሚገቡና የሚወጡ ሌሎች ትምህርቶች ሆኑ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነገሩ ወደ ጉልበት ሥራ ወረደ። እኔ ራሴ ለትምህርት ቤት አጥር ድንጋይ ተሸክሜአለሁ፤ ስሙም «ተግባራዊ ትምህርት» ነበር። ድንጋይ መሸከም አያዋርድም፤ ትምህርት ግን አልነበረም። ምን ያህል ድንጋይ ለምን ያህል አጥር እንደሚበቃ አስሉ ያለን፣ ወይም ካቡ በየክረምቱ ለምን እንደሚናድ የጠየቀን ማንም አልነበረምና።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ማስመሰል መጥቷል። የጎረቤቴ ልጅ ከትምህርት ቤቷ «ፕሮጀክት ይዛችሁ ኑ» ተባለች። አባትየው ገንዘብ ከፍሎ ከካርቶንና ከቀለም የተሠራ እሳተ ገሞራ ከሱቅ ገዛላት። ልጅቱም ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች ሄደች፤ 10 ከ10 አገኘች። ከሁለት ወር በኋላ ያ እሳተ ገሞራ ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ አየሁት። ስለ ኤርታሌ ብጠይቃት ስሙን ሰምታ አታውቅም። እጅ ያለበት ነገር ሁሉ የእጅ ትምህርት አይደለም። ጥያቄ የሌለው ፕሮጀክት ጌጥ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፕሮጀክትም ከጌጥ ብዙ አይሻልም።

የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ከፊሉም ትክክል ነው። አንደኛው፣ «የእኛ አባቶች በቃል አጥንተው ሊቅ ሆነዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዳዊቱንና ዜማውን በቃላቸው ይይዙ ነበር። ሆኖም ያው የቃል ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ማቅረብ ነበረበት፤ የትናንቱን ቢደግም ተማረ አይባልም። ጸሐፊ ለመሆን የሚማረውም የፍየሉን ቆዳ ፍቆ ብራና ማውጣትን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ መቃ መቅረጽን ከፊደሉ ጋር አብሮ ይማር ነበር። ከአባቶቻችን የወረስነው ግማሹን ብቻ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ የማባዛት ሠንጠረዥን በእንዝርት መተካት አይቻልም። ቃሉን በልቡ ያልያዘ ልጅ ዘገባውን አይጽፍም፤ ማካፈል የማያውቅ ልጅም ታንጀንቱን አያወጣም። በቃል መያዝ ያለበት ነገር አለ፤ ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ምን እንሥራበት የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ ይህኛው ይከብደኛል። ብሔራዊ ፈተና አለ፤ የመጽሐፉ ምዕራፎች ማለቅ አለባቸው። አንድ የጥላ ሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ያልቃል። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህን ሒሳብ በየዓመቱ አሰላዋለሁ። በዓመት ከሁለት የበለጠ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ባልደረቦቼን ክፍለ ጊዜ ለመለመንም ደጅ መጥናት ነበረብኝ። የሒሳቡ መምህር በመጀመሪያው ዓመት እንቢ አሉኝ፤ በሁለተኛው ዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ቱታቸውን ለብሰው ሜዳው ላይ ከእኔ ቀድመው ተገኙ።

በዚያ በሦስተኛው ዓመት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ጎንደር የሚያስተምር አንድ ጓደኛ አለኝ። ጎንደር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ በካርታው ላይ ቀጥ ብሎ ሲለካ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ታኅሣሥ 12 ቀን በሁለቱም ቦታ ልክ አንድ ሜትር የሆነ እንጨት ተተከለ። ሰማዩ እንደ ታኅሣሥ ልማድ ጥርት ያለ ነበር። የእኛ አጭሩ ጥላ 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የእነርሱ 73 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከስልኩ ዙሪያ 40 ልጆች ተሰብስበው ቁጥሩን ሰሙ። ማዕዘኖቹ ወጡ፤ ልዩነቱ 3 ነጥብ 82 ዲግሪ ሆነ። 360ን ለዚህ አካፍለው በ400 ሲያባዙ የመሬት ዙሪያ 37,700 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ወጣ። እውነተኛው 40,000 ገደማ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ አዘኑ፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። ከሁለቱ እንጨቶች አንዱ ዘምሟል፤ የማን? ወደ ኋላ ተመልሰው ቢያሰሉ በጎንደሩ ጥላ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀነስ ኖሮ መሬት ትክክለኛ መጠኗን ታገኝ እንደ ነበር ደረሱበት። የ6 ሚሊ ሜትር ስሕተት መሬትን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አሳንሷት ነበር! የጎንደር ልጆች ግን በደብዳቤ፣ «የዘመመው የእናንተ ነው» ብለው ጻፉልን፤ የጻፉትም በሦስት ገጽ፣ ከነምክንያቱ፣ በሚያስቀና አማርኛ ነበር። መልሱን ለማዘጋጀት የእኛ ተማሪዎች አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጽፉና ሲሰርዙ ሰነበቱ።

በነገሩ መካከል፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ከዚያ በፊት እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ አንድ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሲፈታው ቱንቢ ነበር። ሲባጎውን በሁለት ጣቱ ይዞ ከእንጨታችን ጎን አንጠለጠለው፤ እርሳሱ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ማንም አልተናገረም። እንጨታችን ከሲባጎው ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል፤ የዘመመው የእኛም ጭምር ነበር። የሒሳቡ መምህር፣ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም የአባቱ መሆኑን ተናገረ። አባቱ ግንበኛ መሆናቸውን እስከዚያ ቀን ድረስ ለክፍሉ ልጆች ነግሮ አያውቅም ነበር።